የቴኒስ ንግሥት ሱዛን ላንግሌንና ያሠለጠናት አባቷ

ልጅን አስተምሮና አሠልጥኖ ለክብር ማብቃት የአባትና የእናት ሁሉ ምኞት ነው። ነገር ግን ልጁ ከትምህርቱ ጋራ ትምህርቱ የተሰጠበትን ጠባይ ደግሞ ይዞ ያድጋል፤ ጐልምሶም ሙያውን በአደባባይ በሚያሳይበት ቀን፣ የአስተማሪው ፍቅርም ቍጣም አብረው ይገለጣሉ። ይህን ነገር በግልጥ የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ ስላገኘን፣ በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። ታሪኩም በፈረንሳይ አገር ተወልዳ፣ በቴኒስ ጨዋታ በዘመኗ የነበሩትን ሴቶች ሁሉ ስላሸነፈችው ስለ ማድሙአዜል ሱዛን ላንግሌን ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሱዛን በሜይ 24 ቀን 1899 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደች። አባቷ ሙሴ ሻርል ላንግሌን በፈረስ የሚሳቡ የሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላዎች ድርጅት ነበረው፤ በኋላም ድርጅቱን ሸጦ በሀብቱ ይኖር ጀመር። እናቷም ማዳም አናይስ ትባል ነበር። ልጅቱ በሕፃንነቷ ጤናዋ ደካማ፣ ትንፋሽ የሚያጥራት ነበረች። ስለዚህ አባቷ በ1910 ዓ.ም. ሰውነቷን ታጠነክርበት ዘንድ አንድ ራኬት ገዛላት። በዚያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ለመድኃኒት ተብሎ የተጀመረው ጨዋታም ወዲያው የአባትየው ዋና ሥራ ሆነ።

ሙሴ ሻርል ራሱ የታወቀ ተጫዋች አልነበረም። ነገር ግን አስተዋይ ሰው ነበርና፣ ቤተሰቡ ክረምቱን በሚያሳልፍበት በኒስ ከተማ በቴኒስ ማኅበሩ ሜዳ ዳር እየተቀመጠ የታላላቆቹን ተጫዋቾች የኳስ አመታት አንድ በአንድ ያጠና ነበር። ከሴቶቹም ብዙዎቹ በሜዳው መጨረሻ መሥመር ላይ ቆመው ኳሱን በዝግታ ሲቀባበሉ፣ ወንዶቹ ግን እየሮጡና እየዘለሉ ወደ መረቡ ቀርበው ሲመቱ ተመለከተ። «ሴት ልጅ እንደ ወንዶቹ ልትጫወት የማትችልበት ምክንያት ምንድር ነው?» የሚለው አሳብ የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ። ስለዚህ ልጁን ከወንዶች ጋራ እያጋጠመ ያለማምዳት ጀመር።

ከዚህም በቀር በሜዳው ላይ መሐረብ ያነጥፍና ኳሱን በመሐረቡ ላይ እንድታሳርፍ ያዝዛት ነበር። ዛሬ በዚህ ማዕዘን ያነጠፈውን ነገ በሌላው ማዕዘን ያነጥፈዋል። እርሷም ኳሱን በወደደችው ሥፍራ ማሳረፍ እስክትችል ድረስ ሰዓቱን ሙሉ ትመታለች። በአገራችን የቤተ ክህነት ተማሪ የዳዊትን ቃል መጽሐፍ ሳያይ አንደበቱ እስኪያወጣው ድረስ እንደሚደግም ሁሉ፣ ይህችም ልጅ አንዱን አመታት እጇ ራሱ እስኪያውቀው ድረስ ትደግመው ነበር። በኋላ ዘመን ተመልካቾች እንደ ተአምር ያደነቁት የእጇ ልክ መጠን የተገኘው ከዚህ ነው።

ነገር ግን የአባትየው ትምህርት ሌላ ፊት ደግሞ ነበረው። ታሪኳን የጻፉት ሰዎች እንደሚሉት፣ ሱዛን በደንብ ያልተጫወተች እንደ ሆነ አባቷም እናቷም በሰው ፊት በብርቱ ይገሥጿት ነበር። የታመመች እንደ ሆነ ግን ቍጣው ይቀርና ርኅራኄ ይተካል። እንግዲህ ማንኛዋም ልጅ ብትሆን ከዚህ የምትማረው ምን እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ሊገምተው ይችላል። መሸነፍ የሚያስቈጣ ኃጢአት፣ ሕመም ግን መሸሸጊያ መሆኑን ተማረች። በእርግጥም ደካማ ጤና ነበራትና፣ ከዚያ ወዲያ ሕመሟ መቼ የሥጋ፣ መቼ የጭንቀት እንደ ሆነ ለሌላው ሰው ለመለየት አስቸጋሪ ሆነ። ይህን ነገር አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

በ1914 ዓ.ም. በሜይ ወር አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ በፓሪስ አጠገብ በሴን ክሉ በተደረገው የዓለም የአፈር ሜዳ ውድድር ትልልቆቹን ሴቶች አሸንፋ የአንደኝነቱን ስም ወሰደች። ወዲያው ግን ታላቁ ጦርነት ተነሣና ውድድሩ ሁሉ ለአራት ዓመት ያህል ተቋረጠ። እርሷ ግን በኒስ ልምምዷን አልተወችም፤ ጦርነቱም ሲያልቅ ጕልማሳ ሆና፣ አቅሟም ጨምሮ ተገኘች።

በ1919 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዊምብልደን ወደሚደረገው ታላቅ ውድድር ሄደች። በዚያን ዘመን ሥርዓት፣ ያለፈው ውድድር ባለድል የምትጫወተው በመጨረሻው ቀን ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተጋጥመው የቀናት አንዲቱ ከእርሷ ጋራ ትገናኛለች። ባለድሏም ሚስስ ላምበርት ቼምበርስ የተባለች፣ ሰባት ጊዜ ያሸነፈች፣ ዕድሜዋ አርባ የደረሰ እመቤት ነበረች። ሱዛን ሌሎቹን ሁሉ አሸንፋ ከእርሷ ጋራ ተሰለፈች። በመካከላቸው የሃያ ዓመት ልዩነት ነበረ። አለባበሳቸውም የተለያየ ነበር፤ እመቤቲቱ እስከ ቍርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስና ረዥም እጅጌ ለብሳ ስትመጣ፣ ልጅቱ ቀሚሷን አሳጥራ፣ እጅጌዋንም ቈርጣ፣ ወገብ የሚያጠብቀውን የውስጥ ልብስ ትታ ወጣች። ይህም በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ነውር ተቈጠረ። ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው፤ እንደ ወንዶቹ እንድትሮጥና እንድትዘል የተማረች ልጅ፣ መሮጥና መዝለል በሚከለክል ልብስ ልትጫወት አትችልም። ጥቂት ዓመት ቈይቶ ዣን ፓቱ የተባለው የፓሪስ ልብስ ሰፊ በሐር የሠራላትን ቀሚስና በራሷ የምትጠመጥመውን ባለቀለም ሻሽ የአውሮፓ ወይዛዝርት ከጨዋታ ሜዳ ውጭ እንኳ ይለብሱት ጀመር።

የግጥሚያውን ነገር ለማስረዳት ስለ ጨዋታው ሕግ ጥቂት እንናገር። የቴኒስ ግጥሚያ በክፍሎች የተከፈለ ነው። በዚያን ዘመን ስድስት ጨዋታ ያሸነፈች፣ ተቃራኒዋንም ቢያንስ በሁለት ጨዋታ የበለጠች ተጫዋች ክፍሉን ትወስዳለች፤ ልዩነቱ ሁለት ካልሆነ ጨዋታው ይቀጥላል። ከሦስቱ ክፍሎች ሁለቱን የወሰደች ባለድል ትሆናለች።

በዚያ ቀን ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛና ንግሥት ሜሪ በክብር ሥፍራቸው ተገኝተው ይመለከቱ ነበር። ሱዛን የመጀመሪያውን ክፍል 10 ለ 8 ወሰደች፤ እመቤቲቱ ሁለተኛውን 6 ለ 4 ወሰደች። ልጅቱ ስትደክም አባቷ ከተመልካቹ መካከል ሆኖ በኮኛክ የተነከረ ስኳር ይወረውርላት ነበር። በሦስተኛው ክፍል እመቤቲቱ 6 ለ 5 መርታ፣ ለድል አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት፤ ይህንንም ነጥብ ለማግኘት ሁለት ዕድል ነበራት። በመጀመሪያው ዕድል ሱዛን ተንጠራርታ የመታችው ኳስ የራኬቷን እንጨት ነክቶ ከመረቡ ማዶ ወደቀ። ሁለተኛውም ዕድል አለፈ። በመጨረሻም ልጅቱ 9 ለ 7 አሸነፈች። አርባ አራት ጨዋታ የፈጀው ይህ ግጥሚያ ስሟን በዓለም ሁሉ አስጠራው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የድል ዘመን ባጭሩ እንናገረዋለን። ከ1919 እስከ 1923 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት ጊዜ፣ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ለስድስተኛ ጊዜ፣ በዊምብልደን በነጠላ ጨዋታ አሸነፈች። በነዚሁ ስድስት ዓመቶች ከአሜሪካዊቱ ከኤልሳቤጥ ራያን ጋራ ሆና በሴቶች ጥንድ ጨዋታም ድል አደረገች። በ1920 ዓ.ም. በአንትወርፕ በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር በነጠላ ጨዋታ የወርቅ ሜዳልያ ስትቀበል፣ በውድድሩ ሁሉ የተሸነፈችው አራት ጨዋታ ብቻ ነበር። ከማክስ ዴኩጂ ጋራም በወንድና ሴት ጥንድ ሌላ ወርቅ አገኘች። ሕዝቡ እርሷን ለማየት የሚሰለፈው ሰልፍ እጅግ ረዥም ነበር። የዊምብልደን ማኅበርም በ1922 ዓ.ም. ከአሮጌው ሥፍራው ለቅቆ ሰፊ መቀመጫ ወዳለበት አዲስ ሜዳ ተዛወረ፤ ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ የእርሷ ዝና እንደ ነበረ ይነገራል።

ከ1919 እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ በነጠላ ጨዋታ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈች፤ ያም መሸነፍ ከድሎቿ ሁሉ ይልቅ ስለ እርሷ ያስረዳል። በ1921 ዓ.ም. በጦርነት ለተጎዱት የፈረንሳይ አውራጃዎች ገንዘብ እንዲሰበሰብ በማሰብ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ተስማማች። አባቷ አልሄደም፤ እናቷ ብቻ ተከተለቻት። በመርከብ ዘግይታ፣ ታማና ደክማ ደረሰች፤ ዕረፍት ሳታገኝም በፎረስት ሂልስ ሜዳ ከሚስስ ሞላ ማሎሪ ጋራ ተጋጠመች። ሚስስ ማሎሪ በኖርዌይ አገር ተወልዳ በአሜሪካ የምትኖር ብርቱ ተጫዋች ስትሆን፣ ሱዛን በዚያው ዓመት በፓሪስ አሸንፋት ነበር። አሁን ግን የመጀመሪያውን ክፍል 6 ለ 2 ተሸነፈች። ሁለተኛው ሲጀመር ትስል ጀመር፤ ወዲያውም እያለቀሰች ወደ ዳኛው ቀርባ መቀጠል እንደማትችል ተናገረች። ከተመልካቹም ብዙው በፉጨት አዋረዳት። ጋዜጦቹም ሕመሟ ለመሸነፍ ያዘጋጀችው ሰበብ ነው ብለው ጻፉ።

እኛ ግን በዚህ ነገር ለመፍረድ አንቸኵልም። ቀደም ብለን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱት የለመንነው ነገር እዚህ ላይ ይገባል። በልጅነቷ መሸነፍ ተግሣጽን፣ ሕመም ምሕረትን እንደሚያመጣ የለመደች ሴት፣ አባቷ በሌለበት በባዕድ አገር ስትሸነፍ ሰውነቷ ወደ ለመደው መሸሸጊያ ቢሸሽ ምን ያስደንቃል? መታመሟ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መፍራቷም እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

በሚከተለው ዓመት በ1922 ዓ.ም. ሁለቱ ሴቶች በዊምብልደን በመጨረሻው ግጥሚያ ተገናኙ። ሱዛን 6 ለ 2፣ 6 ለ 0 አሸነፈች፤ ጨዋታውም ከ26 ደቂቃ አላለፈም። በ1924 ዓ.ም. በወፍ በሽታ ምክንያት ውድድሩን አቋርጣ ወጣች። በ1925 ዓ.ም. ግን ተመልሳ ያለፈውን ዓመት ባለድል ሚስ ማኬንን 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 አሸነፈቻት፤ በውድድሩ ሁሉ አምስት ጨዋታ ብቻ ተሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በውጭው ዓለም ዘንድ የማትሸነፍ ትመስል ነበር። በሜዳ ላይ ስትራመድ እንደምትጨፍር ያህል ትቀል ነበር። የድካሟን ነገር የሚያውቁት ግን ቤተሰቧና ጥቂት ወዳጆቿ ብቻ ነበሩ።

በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1926 ዓ.ም. በፈረንሳይ ባሕር ዳር በካን ከተማ ከሃያ ዓመቷ አሜሪካዊት ከሚስ ሄለን ዊልስ ጋራ ተጋጠመች። ሚስ ዊልስ የሐኪም ልጅ ስትሆን፣ ብታሸንፍም ብትሸነፍም ፊቷ የማይለዋወጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ሁለቱ በነጠላ ጨዋታ የተገናኙት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ለመግቢያ ብዙ ገንዘብ ተከፈለ፤ መቀመጫ ያጣውም ሕዝብ ከቤት ጣራና ከዛፍ ላይ ሆኖ ተመለከተ። ሱዛን የመጀመሪያውን ክፍል 6 ለ 3 ወሰደች። በሁለተኛው ክፍል 6 ለ 5 እየመራች፣ ለድል አንድ ነጥብ ሲቀራት፣ ሚስ ዊልስ የመታችው ኳስ «ከሜዳ ወጣ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለቱም ድሉ የተፈጸመ መስሏቸው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ነገር ግን የመሥመሩ ዳኛ ቀርቦ፣ የጮኸው እርሱ ሳይሆን ከተመልካቹ አንዱ መሆኑንና ኳሱም በሜዳው ውስጥ ማረፉን ተናገረ። ሱዛንም አንድ ቃል ሳትከራከር ወደ ሥፍራዋ ተመለሰች። ጨዋታው እኩል ሆነ፤ በኋላ ግን 8 ለ 6 አሸነፈች። ያን ያህል ድል ካገኘች በኋላ ተቀምጣ አለቀሰች። ያደገችበትን ነገር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ልቅሶ የደስታ ብቻ አይመስልም።

በዚያው ዓመት በዊምብልደን የመጨረሻው መከራ ደረሰባት። ማኅበሩ የኀምሳኛ ዓመቱን በዓል በሚያከብርበት በጁን ወር፣ በአንድ ቀን ሁለት ግጥሚያ ተቈረጠባት። ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረባትና፣ ነጠላው ግጥሚያ እንዲዘገይላት በጨዋታ ጓደኛዋ በኩል ብትጠይቅም ጥያቄዋ ሳይፈጸም ቀረ። ንግሥት ሜሪ የእርሷን ጨዋታ ለማየት መጥተው በክብር ሥፍራቸው ተቀምጠው ሳለ ሱዛን ከቀጠሮው ዘግይታ ደረሰች። የማኅበሩ ሹማምንት በተቈጧት ጊዜ ደነገጠች፤ እያለቀሰችም በዚያ ቀን ለመጫወት እንደማትችል ተናገረች። በነጋታውም ጋዜጦቹ ንግሥቲቱን እንደ ናቀች አድርገው ጻፉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያጨበጨበላት ሕዝብ ፊቱን አዞረባት። ጥቂት ቀን ከተጫወተች በኋላ ውድድሩን አቋርጣ ሄደች፤ ወደ ዊምብልደንም ለውድድር አልተመለሰችም።

በዚያ ዘመን ታላላቆቹ ውድድሮች የሚፈቀዱት አማተር ለሚባሉት፣ ማለት በጨዋታቸው ደመወዝ ለማይቀበሉት ብቻ ነበር። ሕዝቡ እርሷን ለማየት ከፍሎ ይገባል፤ ገንዘቡ ግን ለማኅበራቱ ይሆናል። ሱዛን ይህ ሥርዓት የሀብታም ልጆችን እንጂ በሙያቸው የሚኖሩትን እንደማይጠቅም በግልጥ ተቃወመች። በ1926 ዓ.ም. ፓይል ከሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ጋራ 50,000 ዶላር ለመቀበል ተዋዋለች፤ ከሜሪ ብራውን ጋራ በአሜሪካ ከተሞች እየዞረች ተጫወተች። ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተጋጥመው ሠላሳ ስምንቱንም ሱዛን አሸነፈች። በዚህም ምክንያት ከአማተሮች ውድድር ለዘለዓለም ተከለከለች። በአማተርና በደመወዝተኛ መካከል የነበረው ግድግዳ የፈረሰው በ1968 ዓ.ም.፣ እርሷ ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ በፓሪስ ከተማ የቴኒስ ትምህርት ቤት ከፍታ ልጆችን ታስተምር ነበር። ከዚያ በፊትም ስለ ጨዋታው መጻሕፍት ጽፋ ነበር። በ1938 ዓ.ም. በብርቱ የደም ማነስ በሽታ ታመመች። በጁላይ 2 ቀን ሄለን ዊልስ በዊምብልደን ለስምንተኛ ጊዜ አሸነፈች፤ ከሁለት ቀን በኋላ በጁላይ 4 ቀን ሱዛን ላንግሌን በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ በፓሪስ አረፈች። ዛሬ በፓሪስ በሮላን ጋሮስ የሚገኘው ሁለተኛው ታላቅ ሜዳ በስሟ ይጠራል፤ በዚያ በነጠላ ጨዋታ ላሸነፈች ሴት የሚሰጠውም ዋንጫ የሱዛን ላንግሌን ዋንጫ ይባላል።

እንግዲህ ስለ ሙሴ ሻርል ምን እንበል? ክፉ አባት ነበረ ለማለት አንደፍርም። ደካማና በሽተኛ ሕፃን ተቀብሎ፣ ሳይታክት ከእርሷ ጋራ ውሎ፣ በዓለም ላይ እኩያ ያልተገኘላትን ሴት አድርጎ አወጣት። ሴት ልጅ እንደ ወንድ ልትሠለጥን እንደምትችል ሌሎች ሳያምኑ እርሱ አመነ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ቅጣት ከነጭራሹ አያስፈልግም ማለታችንም አይደለም፤ አባቶቻችን «ያልተቀጣ ልጅ ሲቈጡት ያለቅሳል» ይላሉ። ነገር ግን ያንኑ ምሳሌ የተናገሩት አባቶች «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ደግሞ ብለዋል። ሙሴ ሻርል ልጁን ማሸነፍን ሁሉ አስተማራት፤ ተሸንፋ ወደ ቤት ስትመለስ እንደ ድሉ ቀን ያለ ፊት ግን ሊያሳያት አልቻለም። ከሜዳው በላይ ያስጨነቃት ይህ ይመስለናል።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ልጁን ለመጽሐፍ፣ ወይም ለፈረስ ግልቢያ፣ ወይም ለቢሮ ሥራ የሚያሠለጥን ብዙ አባት አለ። ልጁ ፈተና ወድቆ፣ ወይም ከፈረስ ወርዶ በመጣበት ማታ ቤቱ እንዴት እንደሚቀበለው ያስብ። እናትም ልጇ ታምማ በተኛች ጊዜ የምትሰጣትን ለስላሳ ቃል፣ ልጅቱ በደኅናዋ ቀን ደግሞ ትስማው። ልጅ የወላጁን ፍቅር ለማግኘት ማሸነፍም መታመምም የማያስፈልገው ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጠንክሮ ቢሠለጥን አይጎዳም።